ከእርሳስ ማግስት የሚቀረው ፕላስቲክ

ለወፍ አደን የሚያገለግለው የሾትጋን ጥይት በአንድ አረር ፈንታ በርካታ ጥቃቅን የብረታ ብረት እንክብሎችን የሚይዝ ሲሆን፣ በእንክብሎቹና በባሩዱ መካከል ደግሞ ውታፍ ይቀመጣል። ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚፈጠረው ጋዝ በእንክብሎቹ መሐል ሾልኮ ኃይሉ እንዳይባክን የሚያግደው ይህ ውታፍ ነው። ቀድሞ ከተጠቀጠቀ ሱፍና ከካርቶን ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን አብዛኛውን ቦታ የያዘው ፖሊኢትሊን የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው።

የፕላስቲኩ ውታፍ ግርጌው ጋዝ የሚያግድ ስስ ከንፈር፣ ወገቡ ግፊቱን ለማለዘብ የሚጨማደድ፣ አናቱ ደግሞ እንክብሎቹን የሚያቅፍ ኩባያ ነው። የኩባያው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ በአራት የተሰነጠቀ በመሆኑ፣ ከአፈሙዙ እንደወጣ እንደ አበባ ይከፈትና አየር እየያዘው ከእንክብሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ባዶው ቀለህ ተኳሹ እግር ሥር ስለሚወድቅ መልቀም ይቻላል፤ ውታፉ ግን ራቅ ብሎ ሸምበቆ ውስጥ፣ ረግረግ ላይ ወይም ውኃ ላይ ስለሚያርፍ የሚለቅመው የለም ለማለት ይቻላል። የሰሜን ባሕርን የባሕር ዳርቻ ቆሻሻ የሚቆጥሩ ባለሙያዎች የሾትጋን ጥይት ቅሪትን ራሱን የቻለ መደብ ሰጥተው የሚመዘግቡትም ያለ ምክንያት አይደለም። ፖሊኢትሊን በፀሐይና በማዕበል እየተሰባበረ ይደቅቃል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም።

የችግሩ አስቸጋሪ ገጽታ ከእርሳስ ጋር ያለው ቁርኝት ነው። የውኃ ወፎች ምግባቸውን ለመፍጨት ጠጠር ሲውጡ የእርሳስ እንክብልም አብረው ስለሚውጡ ይመረዛሉ፤ ስለዚህም አሜሪካ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ለውኃ ወፎች አደን፣ ዴንማርክ ደግሞ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ለማንኛውም አደን የእርሳስ እንክብልን ከለከሉ። ተገቢ እርምጃ ነበር። ነገር ግን በምትኩ የገባው የአረብ ብረት እንክብል ከእርሳስ እጅግ የጠነከረ በመሆኑ የጠመንጃውን ቱቦ እንዳይፍቅ በኩባያ መታቀፍ አለበት፤ ተራ የሱፍ ወይም የካርቶን ውታፍ ደግሞ ይህን ጥበቃ አይሰጥም። በዚህም መርዙን የማስወገዱ ጥረት በፕላስቲክ ላይ ያለውን ጥገኝነት አጠናከረው።

አምራቾች በውኃ ከሚሟሟ ፖሊቫይናይል አልኮልና ከዕፅዋት ከተገኙ ቁሶች ኩባያ መሥራት ጀምረዋል። ጥረቱ ሊመሰገን ይገባል፤ ሆኖም መሟሟት ከዓይን መሰወር ነው እንጂ መበስበስ አይደለም፤ የተሟሟውን ቁስ ባክቴሪያዎች ሊፈጩት የሚችሉት ሁኔታው ሲመቻች ብቻ ነው። ከዕፅዋት የተሠሩ አንዳንድ ፕላስቲኮችም የሚበሰብሱት በማብላያ ፋብሪካ ሙቀት እንጂ በቀዝቃዛ ረግረግ ውስጥ አይደለም። «ተፈጥሮን አይጎዳም» የሚል ጽሑፍ ስለ መጨረሻው ውጤት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በብሪታንያ ዘጠኝ የአደንና የተኩስ ማኅበራት በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) በሾትጋን በሚካሄድ አደን እርሳስንና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፕላስቲክ በአምስት ዓመት ውስጥ በፈቃደኝነት እንዲተው ጥሪ አቀረቡ። ይሁንና የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2024/25 የአደን ወቅት ከገበያ ገዝተው እንክብል ካገኙባቸው ፋዛን የተባሉ የዱር ወፎች መካከል 99 በመቶው በእርሳስ የተመቱ ሆነው ተገኙ። በጎ ፈቃድ ብቻውን ያልበቃ በመሆኑ መንግሥት በ2025 የእርሳስ ጥይትን በሕግ እንደሚገድብ አስታወቀ። ሕግ አውጪዎች በዚህ አጋጣሚ እንክብሉን ብቻ ሳይሆን ውታፉንም በሕጉ ሊያካትቱትና አምራቾችም ምርታቸው በቀዝቃዛ አፈርና በባሕር ውኃ ውስጥ እንደሚበሰብስ በፈተና እንዲያረጋግጡ ሊያስገድዱ ይገባል።