ባለመኪናው ቃሊቲ ሲሆን

በቴሌግራም «አስቸኳይ ሽያጭ፣ ከፍተኛ ዋጋ ለሰጠ» የሚል የመኪና ማስታወቂያ ሲወጣ ገዢው የሚጠይቀው ሞዴሉን፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትርና ቦሎውን ነው። በጥብቅና ሥራዬ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት እየተመላለስኩ ግን እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ሆኗል፤ ባለቤቱ የት ነው?

የታሰረ ሰው መኪናውን የሚሸጠው በውክልና ነው። ውክልናውን የሚያረጋግጠው ውልና ማስረጃ፣ ቢሮው ድረስ መምጣት ለማይችል ሰው፣ ለታራሚም ጭምር፣ ባለሙያ ይልካል። በሰነዱ ላይ የተለመደው አጻጻፍ «ወኪሌ በመሰለው ዋጋ እንዲሸጥ፣ ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ስመ ሀብቱን እንዲያዛውር» የሚል ነው። እኔ ደንበኛዬ ከመፈረሙ በፊት «ከዚህ ብር በታች እንዳይሸጥ» የሚል መስመር እንዲገባ እወተውታለሁ። ምክንያቱም ከማረሚያ ቤት ውጭ ያለችው ሚስቱ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አንገቷ ላይ ደርሷል፤ ገዢው ይህን ሲሰማ በስልክ የተስማማበትን ዋጋ መኪናው አጠገብ ቆሞ ያፈርሰዋል። «ለጠበቃ ብር ያስፈልግሻል አይደል?» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሞተሩ፣ በቀለሙ፣ በጎማው መከራከር የገዢ መብት ነው። በሰው መታሰር ዋጋ መስበር ነውር ነው።

ቤተሰቡም ግዴታ አለበት። ፍርድ ቤት መኪናውን አግዶት ከሆነ ወይም የባንክ ዕዳ ካለበት ማስታወቂያው ሲወጣ አብሮ ይነገር። ገዢም ቢሆን ሊብሬ አይቶ አይርካ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ያመሳክር፣ ፋይሉ ባለበት የተሽከርካሪ ምዝገባ ቅርንጫፍ ዕዳና እገዳውን ያጣራ። የትዳር ጓደኛ ስምምነትም አይዘንጋ፤ በቤተሰብ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም። ወኪሉ የባለመኪናው ወንድም ከሆነ፣ ሚስቲቱ ሳትሰማ የተፈጸመ ሽያጭ በኋላ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

ዋጋ ሰጥቶ መጥፋትም ልማድ ሆኗል። ቤተሰቡ ዋጋ የሰጠውን ገዢ አምኖ ሌሎቹን ፈላጊዎች ይመልሳል፤ በቀጠሮው ቀን ስልኩ አይነሳም። ስለዚህ ቀብድ በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል።

እናንተ ገዢዎች፣ ሙሉውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ወኪሉን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ባለመኪናው መኪናው የተሸጠበትን ዋጋ ያውቃል? አያውቅም ከተባላችሁ በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን እስኪነገረው ድረስ ክፍያውን አቆዩት።