ታማኝነት የኃጢአት መሸፈኛ ሲሆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለአሠሪ መታመን ቅዱስ ጳውሎስ ያስተማረው በጎ ምግባር ነው (ኤፌ. 6፥5-8)። ነገር ግን ለራሱ አንዲት ሳንቲም የማይነካ የሒሳብ ሠራተኛ ለድርጅቱ ሲል ሁለት መዝገብ ሲይዝ፣ በሐቀኝነቷ የምትመሰገን ሻጭ የዕቃውን ጉድለት ከገዢው ስትሰውር እናያለን። ታማኝ ሰው ስለ ምን እንዲህ ያደርጋል?

አንደኛ፣ ጥቅሙ ወደ ገዛ ኪሱ ስለማይገባ «እኔ ምን አገኘሁበት?» እያለ ኅሊናውን ዝም ያሰኛል። ሁለተኛ፣ እንጀራ ያበላውን ሰው እምቢ ማለት ውለታ መካድ ይመስለዋል። ሦስተኛ፣ ትእዛዙ ከበላይ ስለ መጣ ኃጢአቱም በበላዩ ላይ ብቻ የሚቀር ይመስለዋል።

የሠራዊት አለቃው ኢዮአብ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ኦርዮ የገዛ ሞቱን ትእዛዝ የያዘውን የንጉሥ ዳዊትን ደብዳቤ ሳያውቅ አደረሰለት። ኢዮአብም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ኦርዮን ውጊያው በበረታበት ስፍራ አሰለፈው። ኦርዮ ሞተ፤ ምንም የማያውቁ ሌሎች ወታደሮችም አብረውት ወደቁ (2ኛ ሳሙ. 11፥14-17)። ዳዊትን ወደ ንስሐ የመለሰው ግን ትእዛዙን የፈጸመው ኢዮአብ ሳይሆን ፊት ለፊት የገሠጸው ነቢዩ ናታን ነው።

በአንጻሩ ንጉሥ ሳኦል የኖብን ካህናት እንዲገድሉ ባዘዛቸው ጊዜ አጠገቡ የቆሙት አገልጋዮች እምቢ አሉ፤ ትእዛዙን የፈጸመው ኤዶማዊው ዶይቅ ነበር (1ኛ ሳሙ. 22፥17-18)። ለሳኦል በእውነት የታመኑት በካህናት ደም እጁን እንዳይነክር እምቢ ያሉት ናቸው።

ምእመናን ሆይ፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ሥራውን እንዳያጣ መፍራቱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት «ይህን ለራሴ ባደርገው ኃጢአት እለው ነበርን? የሚጎዳውስ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ስሕተቱን ለአለቃችን ለብቻው በአክብሮት እናስረዳ፤ የንስሐ አባታችንንም እናማክር። አሠሪ የሆንንም ሠራተኞቻችንን በእንጀራቸው አስፈራርተን ወደ ኃጢአት እንዳንገፋቸው እንጠንቀቅ፤ እኛም በሰማይ ጌታ አለንና።

ደመወዝ የሚከፍለን ሰው ጉልበታችንንና ሞያችንን ይገዛል፤ ኅሊናችን ግን የፈጠረን አምላክ ነው። በፍርድ ቀን እያንዳንዳችን ስለ ገዛ ሥራችን እንጠየቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።