የተቃወማችሁ እጅ አውጡ

«የተቃወማችሁ እጅ አውጡ!» አሉ ሰብሳቢው። ከፊቴ የተቀመጡት ጎረቤቴ እጃቸውን አነሡ። ትከሻቸው ጋ ሲደርስ ሰብሳቢው ወደ እሳቸው ዞር አሉ፤ ያ እጅ ነጠላቸውን አስተካክሎ ተመልሶ ወረደ። ጸሐፊው «ተቃውሞ፣ አራት» ብሎ ጻፈ።

የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራችን መተዳደሪያ ደንቡን ያሻሻለው በዚህ ዓይነት ነው። አዲሱ አንቀጽ የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ እንዳይኖረው ያደርጋል። እጃቸውን ያወረዱት ጎረቤቴ የሚኖሩት በጡረታ ነው፤ ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ «ይሄስ ግፍ ነው» ብለውኝ ነበር። ሰብሳቢው ግን የእድራችንም ዳኛ ናቸው፤ የጎረቤቴ የካርታ ጉዳይም ያለው የማኅበሩ ኮሚቴ እጅ ላይ ነው። በሳምንቱ ቃለ ጉባኤው የተቃወሙት ሰዎች ስምና የቤት ቁጥር ተጽፎበት ጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ ተለጠፈ። ከአራቱ አንዷ እኔ ነኝ።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 38 ለመንግሥት ሥልጣን የሚደረግ ምርጫ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ ያዛል። በማኅበር ግን «የምን ምስጢር፣ እዚህ ሁላችንም ቤተሰብ ነን» ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ቤተሰብነታችን ነው። የምክር ቤት ተመራጩን በዓመት አንዴ ባየው ነው፤ ሰብሳቢያችንን ግን ለቅሶ ቤትም ውኃ ታንከሩ ጋም አገኛቸዋለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ወረቀቱን አስቀድሜ አያለሁ። አንድ ጊዜ በወረቀት ድምፅ ሰጥተን ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን «የቤት ቁጥር» የሚል መስመር ነበረበት! ስለዚህ ማን እንደመጣ በመገኛ መዝገቡ ላይ በፊርማ ይያዝ፤ ድምፅ መስጫው ማኅተም ብቻ ይኑረው። የብሎኮቹ ድምፅም ለየብቻ አይቆጠር። ከአንድ ብሎክ ሦስት ሰው መጥቶ ሦስቱም ከተቃወሙ ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው። ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ይቀላቀል።

«ግልጽነትስ?» ለሚሉ፦ ግልጽ መሆን ያለበት ቆጠራው ነው። ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ለጉባኤው ይታይ፤ ወረቀቱ አንድ በአንድ እየተገለጠ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

አንድ ችግር ይቀራል። «በምስጢር ይሁን» ብሎ የሚነሣ ሰው ወዲያው በተቃዋሚነት ይጠረጠራል። ስለዚህ የምለምነው የደንቡን ማሻሻያ የደገፋችሁትን ነው፦ በሚቀጥለው ስብሰባ እናንተ ተነሡና ጠይቁ። «ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ» በሉ።