ተጨማሪ መረጃ፦ ላሊበላ ከጦርነት በኋላ
ላሊበላ እንግዳ ሲጠፋባት የሚጎዳው ሆቴል ብቻ አይደለም፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩና ጧፍ ሻጯም ገበያ ያጣሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወደ ከተማዋ ሲደርስ መብራት፣ ባንክና በረራ ተቋረጡ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ባንክ በግጭት ለተጎዱ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የ300 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አጸደቀ። ዓላማው እንደ ትምህርት፣ ጤናና ውኃ ያሉ አገልግሎቶችን መልሶ ማስጀመር ነበር። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ የላሊበላ በረራም እንደገና ተቋረጠ። እርዳታ የፈረሰ ክፍል ያድሳል፤ እንግዳውን ወደ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚመልሰው ግን ሰላም ነው።

ተወያዩ፦ በአካባቢያችሁ ሰላም ሲደፈርስ መጀመሪያ ገቢው የሚቋረጥበት ማን ነው?