እንገሩ አይደፋ

በሰፈራችን ሕፃን ሲወለድ የእናቱ እንገር ታልቦ ሲደፋ፥ ለሕፃኑም ቅቤ ሲያልሱት አይቻለሁ። ይህ የሚደረገው በፍቅር እንጂ በክፋት አይደለም። ነገር ግን እንገር ቢጫና ወፍራም መሆኑ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ኃይል የተከማቸበት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። እስከ 6 ወር፥ ሐኪም ካላዘዘ በቀር፥ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ጡት ብቻ ይጥባ፤ ከዚያም ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። ከፅንስ እስከ 2 ዓመት ያሉት 1000 ያህል ቀኖች አካልና አእምሮ በፍጥነት የሚያድጉባቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ የቀነጨረ ልጅ ኋላ በትምህርቱም በጤናውም ሊቸገር ይችላል። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ይህን ለእናቶቻችንና ለአያቶቻችን በአክብሮት እናስረዳ።