በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ድርብርብ

በሳንቃ በር አፋፍ ቆሞ የሰሜንን ገደል የሚመለከት ሰው፣ ዓለቱ በድርብርብ የተነጠፈ መሆኑን ያያል። ይህም እሳተ ገሞራ በየጊዜው የተፋው ቅልጥ ዓለት አንዱ በአንዱ ላይ እየረጋ የሠራው ነው። በዚያ ተቀምጠን ማስታወሻ ስንጽፍ፣ ሌላ ድርብርብ በእጃችን መያዛችን ትዝ አለን፤ እርሳሳችን ነው።

የእርሳስ ልብ የሚሠራበት ግራፋይት፣ የካርቦን አተሞች ገጽ በገጽ ተደራርበው ያስገኙት ነው። ገጾቹ እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስላልተያያዙ በወረቀት ላይ ይላላጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ከባልደረቦቻቸው ጋር ግራፋይትን በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር ደጋግመው ልጠው፣ የአንድ አተም ውፍረት ብቻ ያለውን ገጽ፣ ግራፊንን፣ ለዩ። በ2010ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የሚያስደንቀው አንዱ ገጽ ከክምሩ በጠባይ መለየቱ ነው። በግራፊን ውስጥ ኤሌክትሮኖች ክብደት የሌላቸው ያህል ይሮጣሉ። ኤሌክትሮን ደግሞ እንደ ጥቃቅን ማግኔት የሚያደርገው «ስፒን» የሚባል ጠባይ አለው፤ ግራፊንም የስፒኑን አቅጣጫ ቶሎ ሳያዛባ ያደርሳል። ስለዚህ ሊቃውንት ወደ ፊት መልእክትን በስፒን ጭምር ለማስተላለፍ ይደክማሉ። ነገር ግን በግራፊን የኤሌክትሪክን ፍሰት ፈጽሞ መዝጋት ስለሚያስቸግር፣ የሲሊከንን ቦታ ገና አልወሰደም።

የደባርቅና የዳባት ተማሪዎች ሆይ! ለማረጋገጫው ብርቱ መሣሪያ አስፈልጓል፤ ጅማሬው ግን ግራፋይት፣ ፕላስተርና ጥያቄ ነበር።