የሮቦት ግጥሚያ፦ ገበያው ያለው መለዋወጫው ላይ ነው

ባህር ዳር ውስጥ ባጃጅ የገዛ ሰው እውነተኛውን ሒሳብ የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው። ባጃጁ የሚገዛው አንድ ጊዜ ሲሆን ጎማው፣ የፍሬን ሸራውና ካንዴላው ግን በየጊዜው ይለወጣሉ። በሪሞት ኮንትሮል እየተነዱ የሚጋጠሙት ትናንሽ ሮቦቶች ገበያም በዚሁ ሥርዓት የሚሄድ ነው።

ይህ ስፖርት ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ማርክ ቶርፕ የተባለ አሜሪካዊ በሳን ፍራንሲስኮ «ሮቦት ዋርስ» የተሰኘውን ውድድር ካዘጋጀ ወዲህ ነው። ሁለት ሮቦቶች በታጠረ ሜዳ ገብተው ብዙውን ጊዜ ለ3 ደቂቃ ይጋፋሉ፤ መንቀሳቀስ ያቃተው ይሸነፋል። በቴሌቪዥን የሚታዩት ግዙፎቹ እስከ 113 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ጀማሪ የሚመከረው ግን በ150 ወይም በ454 ግራም ምድብ እንዲጀምር ነው። ክብደት ሲቀንስ ወጪውም አደጋውም ይቀንሳል።

ከዕቃው ከፊሉ እዚሁ የሚገኝ ነው። ለአካሉ የጀሪካን ወይም የመክተፊያ ፕላስቲክ ይበቃል፤ ሲመታ ይታጠፋል እንጂ እንደ መስታወት አይረግፍም። ለጎማ የነጠላ ጫማ ሶል በክብ ተቆርጦ ያገለግላል። ከተበላሸ የመጫወቻ መኪና የወጣ ሞተር ለመለማመጃ ይሆናል። የሚሽከረከር ምላጭ ለጀማሪ አይመከርም፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የመምታት ኃይሉ በ4 እጥፍ ስለሚያድግ ከተጋጣሚው በፊት የባለቤቱን ጣት ሊያገኝ ይችላል። ከፊት ዝቅ ያለ ሽብልቅ ገጥሞ ተጋጣሚን ከሥር ማንሳት ርካሹና አስተማማኙ ዘዴ ነው።

ቁጠባ የማይሠራው በሦስት ዕቃዎች ላይ ነው፤ እነሱም ሪሞቱ ከነተቀባዩ፣ የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ እንዲሁም የሊቲየም ፖሊመር ባትሪው ከነቻርጀሩ ናቸው። የባትሪው አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ በእሳት ሊያያዝ፣ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ደግሞ ሊበላሽ ይችላል። ተቀባዩም ሲግናል ሲቋረጥ ሞተሩን ወዲያውኑ የሚያቆም መሆን አለበት። እነዚህ ሁሉ በዶላር የሚመጡ ናቸው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዋጋቸው ለአስመጪም ለገዢም ከብዷል።

መለዋወጫ ማጣት ምን ያህል እንደሚጎዳ በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር ታይቷል። ሶፊያ የተባለችው ታዋቂ ሮቦት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ ነበር። ለሶፊያ ያልቀረ ችግር ለጀማሪ ተማሪ እንደማይቀር ግልጽ ነው። ሞተር ተቃጥሎበት ምትኩን ለሳምንታት የሚጠብቅ ልጅ ሥራውን ይተወዋል፤ ነጋዴውም አንድ ደንበኛ ያጣል።

በመሆኑም በዚህ መስክ ለመሰማራት የሚያስብ ነጋዴ ያለቀለት ሮቦት ከማስመጣት ይልቅ ሞተር፣ ማርሽና መቆጣጠሪያ በችርቻሮ ቢይዝ ያዋጣዋል። ገዢው ከወዴት እንደሚመጣም መገመት አያዳግትም። ከተማዋ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተውን የፖሊቴክኒክ ተቋም የወረሰ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የዩኒቨርሲቲው የስቴም ማዕከልም የትምህርት ቤት ልጆችን ኤሌክትሮኒክስ በተግባር ያስተምራል። ሆኖም ሬዲዮ የሚያሰራጩ ዕቃዎችን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሚቆጣጠር ገንዘብ ከመላኩ በፊት መጠየቅ ይገባል። «የፍልሚያ ሮቦት» የሚለው ስያሜም ጉምሩክ ላይ ጥያቄ እንዳያስነሳ የዕቃውን ዝርዝር በትክክል ማስፈር ይጠቅማል።

የጣና ዳር ሰው ይህን ሒሳብ ከጥንት ያውቀዋል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ያረጃል፤ ባለቤቱ ግን ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ስለማይታጣ አዲስ አስሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሮቦት ገበያም ባህር ዳር ላይ የሚቆመው የተሰበረው በማግሥቱ የሚተካበት ሱቅ ሲኖር ነው።